ወረርሽኝ ቤት ሲገባ፦ ለሚያስታምሙ ሰዎች

ወረርሽኝ ሲመጣ ዜናው ሁሉ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ድንበርና ስለ ክትባት ነው። አብዛኛው ሰው ግን የሚታመመውም የሚያገግመውም ቤቱ ነው። ስለዚህ ኑሮ ከሥሩ የሚለወጠው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፦ ማን የት ይተኛል፣ የትኛው መስኮት ይከፈታል፣ ማን ያስታምማል፣ መድኃኒቱን ማን ይቆጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነበር፤ ዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ አብቅቷል ያለው ደግሞ ሜይ 5 ቀን 2023። በእነዚያ ዓመታት ቤት ውስጥ ማስታመም ያስተማረን ትልቁ ነገር፣ ብዙው ስህተት የሚሠራው ሁሉም ነገር ትኩሳት በተነሳበት ሌሊት ሲወሰን መሆኑን ነው። እዚህ የተጻፈው ሁሉም ሰው ጤነኛ በሆነበት ቀን ተቀምጦ መነጋገርና ማዘጋጀት የሚቻል ነገር ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የጀመረውና ገና ያላበቃው ሰባተኛው የኮሌራ ወረርሽኝ የሚሄደው በውሃና በምግብ ነው፤ እዚያ ላይ ማስክ የሚያደርገው ነገር የለም፣ ውሃ አፍልቶ መጠጣት ግን ሕይወት ያድናል። ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፉት በትንፋሽ ነው። በ2020 መጀመሪያ ብዙ ቤተሰብ የገዛውን ዕቃ አንድ በአንድ በሳሙና ሲያጥብ ውሎ፣ ማታ መስኮቱን ግጥም አድርጎ ዘግቶ አብሮ ተቀምጧል። ድካሙ እውነተኛ ነበር፤ ያረፈው ግን ትንሹ በር ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጽፈው በትንፋሽ ስለሚተላለፈው ነው።

የታመመ ሰው ትንፋሽ እንደ ሲጋራ ጭስ ነው ብላችሁ አስቡት። አጠገቡ ላለ ሰው ይወፍራል፣ ራቅ ላለው ይሳሳል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ሰውየው ከወጣ በኋላም ተንጠልጥሎ ይቆያል። ክፍሉ ውስጥ ቢጨስ ሳሎን ድረስ ይሸታል ወይ? የሚሸት ከሆነ ትንፋሹም ይደርሳል ማለት ነው። የታማሚ ክፍል የሚመረጠውም በዚህ ነው። ስፋቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ዋናው ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያለው፣ በሩ የሚዘጋ፣ ከተቻለም ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጎን ያለ መሆኑ ነው። ነፋስ በታማሚው መስኮት ገብቶ በበሩ ሥር ወደ ቤት የሚወጣ ከሆነ፣ መስኮት መክፈታችን በሽታውን ለቀሪው ቤት ማደል ይሆናል።

ይህን በአንድ ቁራጭ ሶፍት ማወቅ ይቻላል። ከሶፍቱ አንዱን ስስ ንብርብር ለዩና ጣት የሚያክል ወርድ ያለው፣ እንደ ስንዝር የረዘመ ቁራጭ ቅደዱ። የታማሚውን መስኮት ክፈቱ፣ በሩን ዝጉ፣ እናንተ ከበሩ ውጭ ሆናችሁ ቁራጩን በሩ ሥር ካለው ክፍተት ፊት አንጠልጥላችሁ ያዙ። ትንፋሻችሁ እንዳያወዛውዘው ፊታችሁን አዙሩ። ጫፉ ወደ ታማሚው ክፍል ከተሳበ አየሩ ከቤት ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ውጭ እየሄደ ነው፤ የምንፈልገው ይህን ነው። ጫፉ ወደ እናንተ ከተገፋ ግን ፎጣ ጠቅልላችሁ የበሩን ሥር ድፈኑ፣ ከዚያም በታማሚው መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረ ማራገቢያ አቁሙ። ማራገቢያው ዙሪያ የቀረውን የመስኮት ክፍት ቦታ በካርቶንና በፕላስተር መዝጋት ያስፈልጋል፤ ካልተዘጋ የወጣው አየር በጎኑ ተመልሶ ይገባል። ማራገቢያው መሥራት ሲጀምር ፎጣውን አንሱና በሶፍቱ እንደገና ሞክሩ። ነፋስ ጠዋትና ማታ አቅጣጫ ስለሚቀይር፣ ሙከራው በቀን ሁለት ጊዜ ቢደገም ጥሩ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ እየሠራ በቤቱ ውስጥ ከሰል ወይም እንጨት አታንድዱ። ጭሱ ተመልሶ ወደ ቤት ሊሳብ ይችላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።

ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነስ? የብዙ ሰው እውነት ይህ ነው፣ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ታማሚው መስኮቱ ሥር ይተኛ፣ ሌላው በበሩ በኩል። ራስ ለራስ አትተኙ፤ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ይሁን። በመካከል ከጣሪያ እስከ ወለል ላስቲክ ወይም ወፍራም መጋረጃ ማንጠልጠል በቀጥታ የሚመጣውን ሳልና ማስነጠስ ይከላከላል፣ ግን የአየሩን መንገድ እንዳይዘጋ ከመስኮቱ ጋር ትይዩ አታድርጉት። ቀን ቀን ጤነኛው በተቻለ መጠን ውጭ ይዋል። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ፤ የአንድ ጣት ክፍተትም ቢሆን ይተው።

አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ፍቅር ስላለ ሁሉም እየተፈራረቀ መግባት ይፈልጋል፣ ግን እያንዳንዱ የገባ ሰው ነገ ሊታመም የሚችል ሰው ነው። ዕድሜው ከ60 በታች የሆነ፣ ስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም የሌለበት፣ እርጉዝ ያልሆነች፣ ክትባት ካለም የተከተበ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ተጠባባቂ ማን እንደሆነ አብሮ ይወሰን፣ ምክንያቱም አስታማሚው ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ምግብ በትሪ በር ላይ ይቀመጣል፣ አንኳኩቶ ዞር ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ መግባት ግድ ሲሆን ማስኩ የሚደረገው በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ የሚወልቀው ደግሞ በሩ ከተዘጋና እጅ ከተታጠበ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በሩን ከፍቶ ገብቶ «አንዴ ልየው» ይልና ማስኩን ከአገጩ ላይ ይጎትታል። ያኔ ቀድሞ ተንፍሷል። የጋራ መጸዳጃ ቤት ከሆነ ታማሚው ከሁሉም በኋላ ይጠቀም፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ፣ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሥ።

ስለ ማስክ ብዙ የተባለ ስለሆነ የሚሳሳቱበትን ብቻ ልንገራችሁ። ከጨርቁ ዓይነት እኩል የሚወስነው ፊት ላይ መግጠሙ ነው። አድርጋችሁ በኃይል ተንፍሱ፤ አየሩ ወደ ዓይናችሁ ወይም በጉንጫችሁ በኩል ከወጣ፣ ሲገባም በዚያው ነው የሚገባው። የሐኪም ቤቱን ሰማያዊ ማስክ ለማስተካከል የሁለቱን ጆሮ ክሮች ማስኩ ጠርዝ ድረስ አስጠግቶ መቋጠር፣ በጎን የሚተርፈውን እጥፋት ወደ ውስጥ መክተት በቂ ነው። ኤን-95 የሚባለው ቢያንስ 95 በመቶ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው በወንፊትነት ብቻ አይደለም፤ ክሮቹ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ብናኙን ስቦ ይይዘዋል። ስለዚህ በሳሙና ካጠባችሁት ወይም አልኮል ከነፋችሁበት መልኩ እንዳለ ሆኖ ሥራው ይጠፋል። እጥረት ካለ አምስት ማስክ ይዞ በየቀኑ አንዱን አድርጎ፣ ያደሩትን በወረቀት ከረጢት ለየብቻ አናፍሶ በየአምስት ቀኑ መመለስ ይሻላል። ላስቲክ ከረጢት እርጥበት ስለሚያፍን አይሆንም። ጺም ካለ ደግሞ የትኛውም ማስክ በሚገባ አይገጥምም።

እጅ በሳሙና ቢያንስ 20 ሴኮንድ፤ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። ሳኒታይዘር ከ60 በመቶ ያላነሰ አልኮል ያለው ይሁን። ቅባት ወይም ጭቃ ያለበት እጅ ላይ አይሠራም፤ በደንብ ሳይደርቅ ደግሞ ክብሪት ወይም ምድጃ አጠገብ መሄድ ያቃጥላል። ምንነቱ ያልተጻፈበት ከሆነ አትግዙ፣ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ሊሆን ይችላል። አልኮል መጠጣት ቫይረሱን ይገድላል በሚል ወሬ በ2020 ኢራን ውስጥ ሜታኖል ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

በረኪና ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። ለበር እጀታ፣ ለመብራት ማብሪያና ለመጸዳጃ ቤት የሚፈለገው በውሃ ተበጥብጦ ጥንካሬው 0.1 በመቶ የሆነ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ፐርሰንት ለምትፈልጉት ፐርሰንት አካፍሉና 1 ቀንሱ፤ የሚቀረው ለአንድ እጅ በረኪና የሚያስፈልገው የውሃ እጅ ነው። 5 በመቶ ከሆነ 5 ለ0.1 ሲካፈል 50፣ 1 ሲቀነስ 49። ማለትም 980 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 20 ሚሊ ሊትር ወይም አራት የሻይ ማንኪያ በረኪና። 2.5 በመቶ ከሆነ በ960 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃና ፀሐይ ኃይሉን ያጠፉታል። ቆሻሻ ያለበት ቦታ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ካልታጠበ በረኪናው ቆሻሻው ላይ ያልቃል። ቀብቶ ወዲያው መጥረግም ከንቱ ነው፤ እንደራሰ 10 ደቂቃ ይቆይ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ፣ ውሃ መጠጫ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። ከአቼቶ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንደዚያው ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። ሰው ላይ መንፋት ደግሞ ዓይንና ቆዳ ከመጉዳት በስተቀር ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ የታማሚው ሁኔታ በየቀኑ ወደሚጻፍበት ደብተር። ትኩሳት ወይም ሳል የጀመረበት ቀን «ቀን 1» ተብሎ ይጻፍ። ይህን ቁጥር ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በኮቪድ ብዙዎች የከፋባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይሆን ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ነበር፤ ትኩሳቱ ቀለል ብሎ ቤተሰቡ እፎይ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚጻፉት፦ ሙቀት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ ኦክስጅን፣ የልብ ምት፣ የጠጣው ፈሳሽ መጠን፣ ሽንት የሸናበት ሰዓት፣ የወሰደው መድኃኒት ከነሰዓቱ። «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ ቁጥር ይጻፍ።

ትንፋሽ የሚቆጠረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማብዛት ያሳስታል። ታማሚው እየተቆጠረለት መሆኑን ካወቀ ሳያስበው አተነፋፈሱን ይቀይራል፤ ስለዚህ የልብ ምት የምትለኩ መስላችሁ የእጁን አንጓ ይዛችሁ ደረቱን ተመልከቱ። አዋቂ ሰው ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ነው። ከ24 በላይ ሲሄድ ለሐኪም ደውሉ፣ 30 ከደረሰ አትጠብቁ። ለሕፃናት መለኪያው ሌላ ነው፦ ከሁለት ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ወደ ሐኪም ይወሰዱ።

በጣት የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ትልቅ ረዳት ነው፣ ግን በሁለት ነገር ያታልላል። አንደኛው ሁለት ቁጥር ማሳየቱ ነው። የኦክስጅኑ ከጎኑ የፐርሰንት ምልክት ያለበት ነው፣ ሌላው የልብ ምት ነው። የልብ ምቱን 98 አይቶ «ኦክስጅኑ 98 ነው» ብሎ የሚተኛ አስታማሚ አለ፤ ኦክስጅኑ ያን ጊዜ 86 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የጣቱ ሁኔታ ነው። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር ከተቀባ ንባቡ ይዛባል። ታማሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፣ እጁን በጨርቅ አሙቁለት፣ ደረቱ ላይ አድርጎ ሳያወዛውዝ ይያዝ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው በጥቁር ታማሚዎች ላይ የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ቆዳው ጠቆር ላለ ሰው ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ከትናንቱ ጋር አወዳድሩት፣ ሰውየውንም ተመልከቱት። በጠቅላላው 95 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፣ ከ94 በታች ሲወርድ ሐኪም ይጠየቅ፣ ከ90 በታች አደጋ ነው። ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ግን ጤነኛ ሆኖም ዝቅ ያለ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል፣ የቤተሰቡ ሁሉ ቁጥር ጤነኛ ሳሉ ተለክቶ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። ያ ከሌለ በታመመበት ቀን የሚወዳደርበት ነገር አይኖርም።

ቁጥር ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ካቃተው፣ ደረቱን ከጨመቀው፣ ነገር ከተምታታበት፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት ካልሸና። የትራንስፖርት ስልክና የሚያደርሰው ሰው ስም ደብተሩ ሽፋን ላይ ቀድሞ የተጻፈ ይሁን።

መድኃኒት ላይ፦ ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ክብደቱ ለቀለለ፣ ጉበቱ ለታመመ ወይም አልኮል ለሚያዘወትር ከዚያ ያንሳል። የጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ድብልቅ መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ፣ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ይጨምራል። ፓኬቱን ገልብጣችሁ አንብቡ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ዴክሳሜታዞን የሚባለው፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት ደግሞ ልብ ይባል፦ ጁን 2020 እንግሊዝ ውስጥ ይፋ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ያሳየው ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸውን ታማሚዎች ሞት እንደሚቀንስ ነው፤ ኦክስጅን ለማያስፈልገው አልጠቀመም። ወሬው ግን ከሙከራው ቀድሞ ሮጠ፣ ብዙ ሰው በትኩሳቱ የመጀመሪያ ቀን ከፋርማሲ ገዝቶ ዋጠ። ሰውነት ቫይረሱን ሊዋጋ በሚነሳበት ሰዓት ይህን መድኃኒት መውሰድ ክንዱን እንደማሰር ነው።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለና የተዘጋጀ ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ከሌለ፣ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው «ትንሽ ይጨመር» ብሎ መገመት ይጎዳል፣ በተለይ ሕፃን።

ታማሚው ያገኛቸውን ሰዎች መንገር ብዙዎች የሚሸሹት ነገር ነው። ምልክቱ ከመጀመሩ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ያገኛችሁትን ቁጠሩ። ደውላችሁ ሦስት ነገር ብቻ ንገሩ፦ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ የተገናኛችሁበትን ቀን፣ ስንት ሰዓት በተዘጋ ቦታ አብራችሁ እንደነበራችሁ። ይቅርታም ማብራሪያም አያስፈልግም። የሚሰማው ሰው የሚፈልገው ለእናቱ ወይም ለልጁ ጥንቃቄ ለማድረግ የሚሆን ጊዜ ነው። የሰማ ጎረቤትም ዕቃ በር ላይ አድርጎ ስልክ ቢደውል ያ ታላቅ ውለታ ነው፤ መታመም ነውር ሆኖ ሲቆጠር ሰው ይደብቃል፣ የተደበቀ በሽታ ደግሞ ቤት ለቤት ይሄዳል።

ሥራ የማይቀርበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠነቀቀው መንገድ ላይና ሥራ ቦታው ላይ ነው። የሚያዘው ግን ማስኩ በሚወልቅበት፣ በምሳ ሰዓት ነው። ሦስት ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ እየበላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ፣ ጠዋት ሙሉ የተጠበቀው በአንድ ሰዓት ይፈርሳል። ውጭ ብሉ፣ ካልሆነ ተራ በተራ ብሉ። በትራንስፖርት መስኮት ይከፈት፣ ስልክ አይወራ፤ ዝም ያለ ሰው ከሚያወራው በጣም ያነሰ ብናኝ ነው የሚያወጣው።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። በ2020 ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ቀርተዋል፤ ያ ሁሉም ሰው ያየው ነው። ያልታየው በዚያው ዓመት 23 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት መደበኛ ክትባታቸው ሳይሟላ መቅረቱ ነው። ወላጅ ጤና ጣቢያ ሄጄ በሽታ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ይፈራል፣ ኩፍኝ ግን ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠብቅም። ስልክ ደውላችሁ ሰው የሚያንስበትን ሰዓት ጠይቁና ሂዱ። ለአረጋውያንም የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚቀጥለው የሚገዛው አንድ ሳምንት ሲቀረው እንጂ ሲያልቅ አይደለም።

ያገገመ ሰው በሳምንቱ እንደ ድሮው ልሥራ ካለ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ሥራውን በግማሽ ይጀምር፣ በማግስቱ ድካሙ ካልባሰ ጥቂት ይጨምር፣ ከባሰ ወደኋላ ይመለስ። ማሽተት የጠፋበት ደግሞ አራት የተለያየ ሽታ፣ ለምሳሌ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ፣ ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን 20 ሴኮንድ ያህል ቀስ ብሎ እያሸተተ፣ ሽታውን በሐሳቡ እያስታወሰ ቢያንስ ሦስት ወር ይለማመድ። እስኪመለስለት ድረስ የተበላሸ ምግብም የሚያፈስ ጋዝም አይሸተውም። ያደረ ምግብ ላይ የተዘጋጀበት ቀን ይጻፍበት፤ ማታ ከመተኛት በፊት የሲሊንደሩን ቁልፍ የሚያረጋግጥ፣ አፍንጫው የሚሠራ ሌላ ሰው ይመደብ። ብቻውን የሚኖር ከሆነ ምግብ አብስሎ በጨረሰ ቁጥር ሲሊንደሩን ራሱ እየዘጋ፣ የዘጋበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ ይጻፍ።